ቁጥር ፱፣ ፖምፓ

ትርንጎዬ፣

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል፤ ተማሪዎቼንም ሠላሳ ዓመት ያስተማርኋቸው እንደዚያ ነው። አንቺን ግን ጤናሽን ብጠይቅ ማን ይመልስልኛል? የእኔን ከጠየቅሽ፣ ጉልበቴ ዳገት ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ደህና ነኝ። ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍሁልሽ የምለው አጥቼ አይደለም። ያልተጠናቀቀ ሥራ ለማንም ማሳየት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። አሁንም አልተጠናቀቀም፤ ግን የቀረው በእኔ እጅ ስላልሆነ ያለቀውን ልንገርሽ።

ተናድጃለሁ፣ ትርንጎ። አስቀድሜ የምነግርሽ ከመስመሮቹ መካከል እየፈለግሽ እንዳትደክሚ ነው። "የኔታ ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል" እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ዘንድሮ ድምፄ ከመቀነሱ የተነሣ የቀበሌው ዘበኛ ባገኘኝ ቁጥር "መምህር፣ ጉሮሮዎን አሞዎታል እንዴ?" ይለኛል።

የቤቱን ወሬ ባጭሩ ልጨርስ። አንቺ ካለፍሽ በኋላ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። በር ላይ የተከልሽው ኮክ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ፤ ፍሬው ትንንሽ ነው፣ ግን ይጣፍጣል። ቀበሌው የጎን ክፍሏን ለወንበር ማስቀመጫ ጠይቆኝ፣ የሞተር ዕቃ ማስቀመጫ ናት ብዬ ከለከልሁ። አንቺ ትነጂያት የነበረችው ሞተር እንኳ የለችም። መሥሪያ ቤትሽ በሳምንቱ መጥቶ ወስዷታል፤ አሁን አንድ ወጣት ይነዳታል፤ በቤታችን በኩል ሲያልፍ ካቴናው እንደላላ ከድምፁ አውቃለሁ። በረንዳው ላይ ትቆምበት የነበረው ቦታ የዘይት እድፉ አልለቀቀም። ልብስ የምታጥብልኝ ሴት በአሸዋ ልትፈትገው ጎንበስ ስትል "ተይው!" ብዬ ጮህሁባት። ለምን እንደ ጮህሁ አልገባትም፤ እኔም አላስረዳኋትም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ስለ ሞትሽ በተጻፈው ሪፖርት ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። በቃሌ ስለያዝኋት ሳልሳሳት እጽፍልሻለሁ፦ "ሟቿ ያለ በቂ ዝግጅት፣ የጎማ መንፊያ እንኳ ሳትይዝ የተጓዘች ከመሆኑም በላይ፣ ከተፈቀደላት መንገድ ወጥታ በመሄዷ ለአደጋ ተዳርጋለች።" ይህችን በመዝገብሽ ውስጥ ቢቀብሯት አንድ ነገር ነበር። አልቀበሯትም። በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ የክረምቱ የክትባት ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት፣ ሞተር ነጂዎቹን ሁሉ ግቢ ውስጥ ሰብስበው ለትምህርት ይሆናቸው ዘንድ ያነቡላቸዋል። ስምሽን ጠርተው ያነባሉ።

ያለ በቂ ዝግጅት! አንቺ!

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ሲዘጋጅ ያየሁ ሰው ነኝ። ለፈተና ሲዘጋጁ፣ ለሠርግ ሲዘጋጁ፣ ለጥምቀት ሲዘጋጁ አይቻለሁ። እንዳንቺ የሚዘጋጅ ሰው ግን አላየሁም። ደባርቅ ደርሶ ለመመለስ አራት ቀን ትዘጋጂ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሞተሯን ቀሐ ወንዝ ወስደሽ ታጥቢያታለሽ። ልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች ከሩቅ ሲያዩሽ "ሲስተር በቅሎዋን ውኃ ልታጠጣ መጣች!" ብለው ይሳሳቁ ነበር፤ አንቺም "በቅሎዬስ ድርቆሽ አትጠይቅም፣ የእናንተ ባሎች ናቸው ጧትና ማታ የሚጠይቁ" ትያቸዋለሽ። በሁለተኛው ቀን ካቴናውን አውልቀሽ በላምባ ታጥቢና ዘይት ታጠጪዋለሽ፤ ከመለስሽው በኋላ በጣትሽ ወደ ላይ ገፋ አድርገሽ፣ ከሁለት ጣት በላይ ከላላ እንደገና ትፈቺዋለሽ። ካንዴላውን፣ የሞተሯን እሳት መጫሪያ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽድተሽ፣ የጫፉን ክፍተት ስድስት የጢም ምላጭ ደራርበሽ ትለኪ ነበር። ስንት ቀን ጢሜን ልላጭ ብፈልግ ምላጮቼን ከካንዴላ ጋር አገኘኋቸው! በኩፖን የሚሰጠን ቤንዚን ውኃ ስለማያጣው በነጠላ ቁራጭ ታጠልይዋለሽ። መለዋወጫውን ከመነዳሪ፣ ያንን የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ እጥፋቱ እንዳይጣበቅ የሕፃናት ፓውደር ነስንሰሽ እንደ አራስ ልጅ ትጠቀልይው ነበር።

ልብስሽንስ? ሱሪሽን የሰፋው ልብስ ሰፊ "ለሴት ሱሪ አልቆርጥም" ብሎ ሁለት ጊዜ መልሶን፣ በመጨረሻ በእኔ ስም ለክቶ በአንቺ ቁመት የሰፋውን ታስታውሻለሽ? ወገቡ ለሁለታችንም አልሆነም። ቅዳሜ ገበያ የገዛነውን የወታደር ጫማ ሞራ ቀብተሽ ውኃ የማያስገባ አደረግሽው። የዳባትንና የደባርቅን ብርድ ለመከላከል ከካፖርትሽ ሥር ደረትሽ ላይ ጋዜጣ ትደራርቢ ነበር። "ረጅም ንግግር ያለበት ይበልጥ ያሞቃል" ትይኝ ስለነበር፣ ጋዜጣ በመጣ ቁጥር ንግግር ያለበትን ገጽ እየለየሁ አስቀምጥልሽ ነበር። ሳላነበው።

ከዚያ የስም ጥሪው። ይህን ማንም አያውቅም፤ ቢያውቁ ይስቁብን ነበር። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ግራጫዋን ብርድ ልብስ በረንዳው ላይ እንዘረጋለን። ዕቃዎቹን በተራ ትደረድሪያቸዋለሽ፤ ሃያ አንድ ናቸው። ሁሉም ላይ ቁጥር የጻፍሁባቸው እኔ ነኝ። የትምህርት ቤቱን ዴስኮች ቁጥር የጻፍንበት ነጭ ቀለም ተርፎ ሊጣል ሲል፣ ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ ወስጄ፣ ከ፩ እስከ ፳፩ በግዕዝ ቁጥር ጻፍሁ። ቀለም በማይዘው ላይ ካርቶን በክር አንጠለጠልሁ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደብተሩን ገልጬ እንደ ክፍል ስም እጠራለሁ፤ አንቺ በየዕቃው ድምፅ "አቤት!" ትያለሽ። ካቻቢቴው በወፍራም ድምፅ፣ ፒንሳው እየተንተባተበ፣ ማስቲሹ አፉ እንደተጣበቀበት ሰው። ቁጥር ፱ ፖምፓዋ፣ የጎማ መንፊያዋ፣ ነበረች፤ እሷ አስም እንዳለባት አሮጊት ትንፋሽ እየቆረጣት "አ... ቤ... ት" ትል ነበር። አንድ ቀን "ካንዴላ!" ስል ዝም አልሽ። ደግሜ ጠራሁ። "አስፈቅዶ ወጥቷል፣ የኔታ፤ ሽንት ቤት ነው" አልሽኝ። ካንዴላው ኪስሽ ውስጥ ነበር። ያን ቀን ደብተሩ ላይ "በፈቃድ ቀሪ" ብዬ ጽፌያለሁ፤ አሁንም አለ።

ጧት ደግሞ ከኋላሽ ተፈናጥጬ እስከ ወለቃ እሸኝሻለሁ። ሽኝት ብቻ አልነበረም። ጭነት ያለባት ሞተር የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎሜትሮች ከሄደች በኋላ ቡሎን ይላላል፣ ጠፍር ይረግባል፤ ስለዚህ እኔን እንደ ተጨማሪ ጭነት አድርገሽ ትፈትሺያት ነበር። ወለቃ ላይ፣ መንገድ ዳር ሸክላ ከሚሸጡት ሴቶች ፊት ለፊት እናቆማለን። አንቺ በቀኝ፣ እኔ በግራ፣ እያንዳንዱን ቡሎን በቁልፍ እንነካለን፤ ጠፍሩን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ እንስባለን። ከዚያ አንቺ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ትወጫለሽ፤ እኔ በእግሬ እመለሳለሁ።

በመጨረሻው ቀን፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ሰማዩ ከጧቱ ጠቁሮ፣ ያንኑ አደረግን። ፖምፓዋ ከመቀመጫው ሥር በጠፍር ታስራ ነበር። በእጄ ነው የሳብኋት፤ አልተነቃነቀችም። "በል ውረድ፣ የኔታ፣ ተማሪዎችህ ይጠብቁሃል" አልሽኝ፤ ትምህርት ቤት በክረምት ዝግ መሆኑን እያወቅሽ። ክትባቱን የያዘውን የበረዶ ሣጥን አንድ ጊዜ መታ መታ አድርገሽ ሄድሽ።

በአራተኛው ቀን ነገሩኝ። የኋላ ጎማሽ ከዳባት ወዲያ ፈንድቶ፣ ሞተሯን አንድ የኮሶ ዛፍ ሥር አቁመሽ፣ በእግርሽ ስትሄዲ ወንዝ ወሰደሽ። በማግሥቱ ገበሬዎች ከታች መታጠፊያው ላይ አገኙሽ፤ የክትባቱ ሣጥን ከጀርባሽ አልተፈታም ነበር። ሞተሯን ያመጡት ሰዎች እንደነገሩኝ፣ ጎማው ወልቆ፣ ከመነዳሪው ተለውጦ፣ ቁልፎቹ በሸራቸው ውስጥ በመጠናቸው ተጠቅልለው፣ ሁሉም ዕቃ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ተሸፍኖ ነው የተገኘው። ያልተዘጋጀ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ሥራውን ሁሉ ጨርሰሻል። የቀረው ጎማውን መንፋት ብቻ ነበር። በዚያ ዝናብ ማኪና አያልፍም፤ በረዶው እስከ ማታ ይቀልጣል፤ በማግሥቱ ከየቀበሌው የሚመጡ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይጠብቁሻል። የሞተር መንገዱ ተራራውን ዞሮ ነው የሚሄደው፤ በእግር የሚደረሰው በአቋራጩ ብቻ ነው። "ከተፈቀደላት መንገድ ወጥታ" ይሉሻል! መንገዱን የፈቀደው ሰው አንድም ቀን በእግሩ አልሄደበትም።

ዕቃሽን በጆንያ አመጡልኝ። ከቀብር በኋላ ሰው ሁሉ ሲበተን ብርድ ልብሷን ዘረጋሁና ስም ጠራሁ። የፈነዳውን ከመነዳሪ በመለዋወጫው ቦታ ቆጥሬ ሃያ ነበሩ። ቁጥር ፱ የለችም። ደብተሩ ላይ "ቀሪ" ብዬ ጻፍሁ።

ትርንጎ፣ እዚህ ላይ ልናዘዝልሽ። ሪፖርቱን ሳነብ "ውሸት!" አልሁ። ግን ሌሊቱን ሙሉ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ወራቱን ሙሉ አንድ ነገር ይበላኝ ጀመር። ምናልባት ኬላው ላይ ወታደሮቹ ሲፈትሹ ፈትታት ረስታት ይሆን? ምናልባት ጠፍሩን አላጠበቀችው ይሆን? ኬላ ላይ ዕቃሽን አራግፎ ሲያበቃ ወታደሩን "በል በቁጥሩ መልሰው፣ ፩ ብለህ ጀምር" ያልሽው አንቺን፣ እኔ ጠረጠርሁሽ። በገዛ እጄ የሳብሁትን ጠፍር ተጠራጠርሁ። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ጠረጠርሁሽ። ሰዎቹ ካደረጉብኝ ሁሉ የማልምራቸው ይህን ነው። የዋሹት ስላንቺ ነው፤ ግን ውሸቱን በእኔ ልብ ውስጥ አስቀመጡት፤ እኔም አስቀመጥሁላቸው። ይቅር በይኝ።

ቢሆንም ማመልከቻ መጻፌን አላቆምሁም። ሰባት ጻፍሁ። መልስ የተሰጠኝ ለአንዱ ብቻ ነው፦ "መንፊያውን ይዛ ለመሄዷ ማስረጃ ያቅርቡ።" ደብተራችንን ይዤ ሄድሁ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ስድስተኛ ክፍል ያስተማርሁት ልጅ ነው። ገጹን ገልጦ ምልክቶቹን ሁሉ አየና አንገቱን ደፋ። "የኔታ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?" አለኝ። "እኔ ነኝ" አልሁት። "ታዲያ ባል ስለ ሚስቱ የጻፈው እንዴት ማስረጃ ይሆናል? እኔ አምናለሁ፤ ወረቀቱ ነው የማያምን" አለኝ። ደብተሩን ተቀብዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ያለው ትክክል ነው። እኔም ብሆን የተማሪን ውጤት አባቱ ቢሞላልኝ አልቀበልም።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ስምንተኛውን ማመልከቻ ይዤ ስሄድ ጸሐፊው ወደ ጋራዡ ወርዷል ተባልሁ። ወደዚያ በኩል ሄጄ አላውቅም ነበር። ሹፌሩ አያ ተገኘ የመሥሪያ ቤቱን ላንድሮቨር የኋላ ጎማ ይነፋሉ። አያ ተገኘን ታውቂያቸዋለሽ፤ በመዝገብ ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ በጢማቸው ግን እኔን ይበልጡኛል። ሰላምታ ልሰጣቸው ስጠጋ ዓይኔ ፖምፓዋ ላይ አረፈ። አንገቷ ላይ ነጭ ቁጥር አለ። ግማሹ ተልጧል። ፱ ነው። የእጄን ጽሕፈት አላውቅም?

"አያ ተገኘ፣ ይህችን ፖምፓ ከየት አገኟት?" አልሁ። ድምፄ ቀንሶ ስለነበር ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ። "ከመጋዘን ናት፣ መምህር" አሉ። ቀና ብለው ሲያዩኝ መንፋታቸውን አቆሙ። "የሲስተር ናት" አሉ ቀስ ብለው። "የሲስተር ትርንጎ። ምነው፣ አልነገሩዎትም እንዴ?"

አልነገሩኝም!

እንዲህ ነው የሆነው። አንቺ በወጣሽበት ቀን ኃላፊሽ ከዳባት ወደ ጎንደር ሲመለስ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ላይ የላንድሮቨሩ ጎማ ፈነዳ። አያ ተገኘ ለጠፉት፤ የማኪናዋ ፖምፓ ግን ውስጧ የነበረው ቆዳ ደርቆ አየር አትይዝም። ወር ሙሉ ይለወጥ ብለው ለምነው የሰማቸው የለም። አንቺ ደረስሽ። ፖምፓሽን ፈትተሽ ሰጠሽ። ጎማው ተነፋ። ከዚያ ኃላፊው "ጎማው ድጋሚ ቢተነፍስብን እንይዛታለን፤ ነገ በሚመጣ ማኪና እንልክልሻለን" አለ። አንቺ "ያለ ቁጥር ዘጠኝ አልሄድም" አልሽ። አያ ተገኘ ይህን ቃል አልረሱትም፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ያን ቀን አልገባቸውም። ኃላፊው ሳቀ። "የከሰዓት ስብሰባ አለብኝ፣ ጓድ፤ ይህ ልመና አይደለም፣ ትእዛዝ ነው" አለ። አንቺም ሣጥኑ ውስጥ በረዶው እየቀለጠ ነበርና ሰጠሽው። በማግሥቱ ማኪና አልሄደም። በአምስተኛው ቀን ያው ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ "የጎማ መንፊያ እንኳ ሳትይዝ" ብሎ ጻፈ። ፖምፓሽ ከመስኮቱ ሥር፣ ማኪናው ውስጥ ነበረች።

ሪፖርቱ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ ነው። አውጥቼ አነበብሁላቸው፤ የሰኔው ስብሰባ የሞተር ነጂዎች ብቻ ስለሆነ ሰምተውት አያውቁም። ከታች ስም ያልተጻፈበት የምስክር አሻራ አለ፤ ለካ የአያ ተገኘ አውራ ጣት ነው። ሰምተው ሲጨርሱ መሬት ላይ በተጋደመው ጎማ ላይ ተቀመጡ። "እኔ እኮ መሞቷን ለመመስከር መስሎኝ!" አሉ። "'የምስክር ጣት አምጣ' ሲሉኝ፣ መሞቷን ማን ይክዳል ብዬ ሰጠሁ። መምህር፣ ይህን እኔ ነኝ የፈረምሁት?" ዓይናቸውን ከአውራ ጣታቸው ላይ አላነሡም፤ የሌላ ሰው ጣት ይመስል።

የሚያናድደኝ ይህ ብቻ አይደለም። አያ ተገኘ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በመስታወት ተደርጎ፣ ማንበብና መጻፍ ችለዋል የሚል የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። የፈተናው ዕለት ኃላፊውን ይዘው መንገድ ላይ ነበሩ፤ ቁጥሩ እንዳይጎድል ስማቸው ገባ። አንቺ ያልተዘጋጀሽ ተብለሽ ተጻፍሽ፤ እሳቸው የተማሩ ተብለው ተጻፉ። ሁለቱንም የጻፈው አንድ መሥሪያ ቤት ነው።

"እኔ ልናገር፣ እርስዎ ይጻፉልኝ" አሉኝ። እንቢ አልኋቸው። ባል የጻፈው ማስረጃ እንደማይሆን ተነግሮኛል። ደግሞም አንድ ጊዜ ሌላ ሰው በጻፈው ላይ ጣታቸውን አኑረዋል፤ ሁለተኛ እንዲያኖሩ አላደርግም። "እርስዎ ራስዎ ይጽፉታል፤ እሑድ ከሰዓት ይምጡ" አልኋቸው። በዚህ ዕድሜዬ ነው ሀ ሁ የምቆጥረው ብለው ትንሽ አንገራገሩ። ከዚያ መጡ።

ስምንት ወር ፈጀብን። በረንዳው ላይ፣ የዘይቱ እድፍ አጠገብ፣ ጥቁር ሰሌዳ አቆምሁ። ብርድ ልብሷን ዘረጋሁና ፊደሉን ከዕቃዎችሽ አስተማርኋቸው፤ ካንዴላ፣ ፒንሳ፣ ጠፍር። "ዳባት"ንና "ደባርቅ"ን ከመንገድ ምልክት በመልክ ያውቋቸው ነበር፤ ከእነሱ "ደ"ንና "ባ"ን ፈልቅቀን አወጣን። አንድ እሑድ ላባቸውን እየጠረጉ "መምህር፣ ይህ ከሊማሊሞ ይብሳል፤ ሊማሊሞን እንኳ ማርሽ ለውጬ እወጣዋለሁ" አሉኝ። ከሞትሽ ወዲህ ድምፅ አውጥቼ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። አላቻኮልኋቸውም። ንዴቴ ይቸኩል ነበር፤ እኔ ግን አልቸኮልሁም። ግንቦት መጨረሻ ላይ እርሳስ አንሥተው የራሳቸውን ገጽ ጻፉ። እየፋቁ፣ እየደገሙ፣ ሁለት እሑድ ጻፉ። አንዲት ፊደል አላረምሁም። ይኸውልሽ፦

"እኔ ሹፌር ተገኘ ነኝ። ጎማ ፈነዳብን። የሲስተርን ፖምፓ ወሰድን። አልመለስንም። እሷ ተዘጋጅታ ነበር። ያልተዘጋጀን እኛ ነን።"

ሰኔ ላይ ነጂዎቹ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። የቀድሞው ኃላፊሽ አድጎ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ስለሄደ የሚያነበው አዲሱ ነበር። እኔ ከአጥሩ ውጭ፣ መድኃኒት ከሚጠብቁት ሰዎች ጋር ቆሜያለሁ። ያችን ዐረፍተ ነገር አነበበ። ስምሽ በአጥሩ ላይ አልፎ መጣ። ያኔ አያ ተገኘ ከነጂዎቹ ኋላ እጃቸውን አወጡ፤ እንደ ተማሪ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው። አዲሱ ሰው ጥያቄ መስሎት "ይቀጥሉ" አለ። ወደ ፊት ወጡ። በአንድ እጃቸው ፖምፓዋን ይዘዋል፤ በሌላው ወረቀቱን። ፖምፓዋን መሬት ላይ አቆሙና ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ አነበቡ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። "አልመለስንም" ላይ ተደናቅፈው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ማንም አልሳቀም። እንዲያውም አንድ ነጂ ኮፍያውን አወለቀ። ሲጨርሱ አዲሱ ኃላፊ ወረቀቱን ተቀብሎ አየ፣ ገለበጠ፣ ከዚያ ስብሰባው አብቅቷል አለ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስነግርሽ ድምፄ እንደገና ይቀንሳል። የአያ ተገኘን ገጽ ማኅተም አድርገው ከመዝገብሽ ጋር አያይዘውታል፤ ጸሐፊው በዓይኔ አሳይቶኛል። ዐረፍተ ነገሯን ግን አልሰረዟትም። ሪፖርቱን ያጸደቀው ሰው ካልፈቀደ አይሰረዝም ይሉኛል። ያጸደቀው ማን ነው? ፖምፓሽን የወሰደው ሰው ነዋ! ፖምፓዋን መልሱልኝ ብል፣ በመጋዘን መዝገብ ገቢ ሆናለች፣ የመንግሥት ንብረት ናት አሉኝ። አያ ተገኘንም በሳምንቱ የማኪናውን ቁልፍ ተቀብለው የመጋዘን ዘበኛ አደረጓቸው። ሃያ ሁለት ዓመት የነዱ ሰው! ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሄድ በሩ ላይ ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ጮክ ብለው ፊደል እየቆጠሩ። "ሸጋ ሥራ ነው፣ መምህር፤ ማንበቢያ ጊዜ አገኘሁ" አሉኝ።

ባለፈው እሑድ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ብርድ ልብሷን እንደገና ዘረጋሁ። አያ ተገኘ ሰሌዳው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ነበሩ። ደብተሩን ገልጬ መጥራት ጀመርሁ። ከአንድ እስከ ስምንት ያሉት እንደ ሁልጊዜው ዝም ብለው ቦታቸው ላይ ናቸው። "ቁጥር ዘጠኝ፣ ፖምፓ" ብዬ እርሳሴን አነሣሁ፤ ሦስት ዓመት የጻፍሁትን "ቀሪ" ልጽፍ።

"አቤት!" አሉ አያ ተገኘ። ደነገጥሁ። "አለች፣ መምህር። ዛሬ ጧት በሩን ስረከብ አይቻታለሁ፤ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ናት። በየቀኑ አያታለሁ።" ከዚያ እርሳሱን ከእጄ ወስደው፣ በቁጥር ፱ አንጻር፣ ምላሳቸውን ነክሰው፣ ቀስ ብለው ጻፉ፦ "እኛ ጋ ናት።"

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም። እርሳሴን ተቀብዬ ቁጥር አሥርን ጠራሁ።

ትርንጎዬ፣ በመጪው ሰኔ ያችን ዐረፍተ ነገር ካነበቧት አያ ተገኘ ገጻቸውን ያነባሉ፤ እጃቸውን ማውጣት ተምረዋል። እኔ ዘጠነኛውን ማመልከቻ ጀምሬያለሁ። እስኪሰርዟት ድረስ አሥረኛውንም፣ ሃያኛውንም እጽፋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት የሰውን ስሕተት በትዕግሥት ያረምሁ ሰው በአንዲት ዐረፍተ ነገር አልደክምም። ቁጥር ፱ ወደ ብርድ ልብሷ እስክትመለስም በየወሩ ስም እጠራለሁ። ሃያ አንዱንም። ከሁሉም በኋላ ያንቺን ስም እጠራለሁ። እንዳልጠረጠርሁሽ ሆኜ ሳይሆን፣ ሁለተኛ እንደማልጠረጥርሽ ሆኜ።

ስጠራሽ እንደ ካንዴላው አስፈቅደሽ ወጥተሽ ከሆነ፣ "በፈቃድ ቀሪ" ብዬ እጽፍልሻለሁ።

የኔታሽ